ነቀርሳ ብዬ የተረጎምኩት

ባለፈው ማክሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ሄለን የእናቷን የምርመራ ውጤት በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣች። በር ላይ እንደቆመች፣ «እትዬ፣ ለእማዬ ካንሰር ከምላት ነቀርሳ ነው ብላት አይሻልም? ቀለል ይላል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን በወጣት፤ የተቆጣሁት በቃሉ ነው። ሳንባ ላይ ሲሆን ቲቢ፣ ሌላ ቦታ ሲሆን ካንሰር። አንዱ በክኒን የሚድን፣ ሌላው ቶሎ ካልያዙት የማይመለስ። ለበግ እንኳ ግልገል፣ ጠቦት፣ ሙክት እያልን ስም የምናወጣ ሰዎች ለሁለት በሽታ ሁለት ስም አጣን!

ነገሩ የጀመረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነው። የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ መካኒሳ አቦ አካባቢ ልብስ ትሰፋ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሐኪሙ ናሙና ወሰደና ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ አላት። ወረቀቱን ከላቦራቶሪው መስኮት ተቀብለን ስንወጣ ዝናብ ያዘንና አንዲት በቆሎ ጠባሽ ሸራ ሥር ተጠለልን። እቴቴ ሁለት እሸት ገዛች። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ትኩሱን በቆሎ ከእጅ እጅ እያገላበጥን ስንግጥ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው።

«በይ እንግዲህ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች።

«ካርሲኖማ» ይላል። ቃሉን አላውቀውም። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አገኘሁ፦ ካንሰር፣ ነቀርሳ። ልዩነቱ አልገባኝም ነበር እያልኩ ስንት ዘመን ለሰው አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። ካንሰር ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ቀለል ያለውን አነሳሁ።

«ነቀርሳ ነው ይላል፣ እቴቴ።»

«ተመስገን!» ብላ አጨበጨበች። «ነቀርሳማ ምን አለው! የጋሽ ታደሰ ልጅ ስድስት ወር ክኒን ውጦ ይኸው ሰንጋ አክሎ የለም እንዴ?»

ወደ ሐኪሙ መመለሱ በዚያው ቀረ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነቀርሳ አለብኝ አለቻቸው። ጡቴን ለማን አሳያለሁ ብላ ስለ እብጠቱ ትንፍሽ አላለችም። አክታዋን መርምረው ቲቢ የለብሽም ብለው ሸኟት። እሷም ነፃ ነሽ ተባልኩ እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። እብጠቱስ ስላት፣ «እሱ የድሮ ብርድ ነው» አለችኝ።

ጨነቀኝና ለእናቴ በጓዳ እውነቱን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያንን ቃል እዚህ ቤት እንዳትጠሪው! በድንጋጤ ልትገያት ነው? ቢያንስ ፍልሰታ ይውጣ» አለች። ፍልሰታ ወጣ። ዘመን ይለወጥ አለች። ዘመንም ተለወጠ፤ መስቀል ይለፍ አለች። መቼም እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ የሚነገርበት ቀን ባሕረ ሐሳቡ ውስጥ የለም። በእናቴ እናደድ ነበር፤ ግን መታዘዙም ተስማምቶኝ ነበር።

በመስከረም ገብርኤል እቴቴ የስለት ጥላ ገዝታ፣ ነፃ ስላወጣኝ ብላ፣ ብስራተ ገብርኤል ልታስገባ ተነሳች። አብሬያት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠች ሴት፣ «ነቀርሳ ነበረብኝ፤ ይኸው ዳንኩ» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳበችና ወደ መስኮቱ ሸሸች። እቴቴ ደግሞ እየሳቀች፣ ለማስረዳት ይበልጥ ትጠጋታለች። አንዷ ስትሸሽ ሌላዋ ስትከተል እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ።

«ቲቢ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ካንሰር ነው! ካንሰር!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደችና የእቴቴን ክንድ ያዘች። እቴቴ ዞራ አየችኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ወረቀቱን ያነበብኩ ዕለት።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ ስስቅ እያየሽኝ?»

መልሴን ሳትጠብቅ «ወራጅ አለ!» አለች። ጥላውን እንደታቀፈች ወርዳ አስፋልቱን ተሻገረች፤ ስለቱን ሳታስገባ፣ ወደ ሐኪሙ የሚወስደውን ታክሲ ያዘች።

ጡቷ ተቆረጠ። በመድኃኒቱ ፀጉሯ ረገፈ፣ የወጥ ሽታ አስጠላት። ክንዷ አብጦ ከእጅጌ አልገባ ሲላት የገዛ ቀሚሶቿን እየፈታች አሰፋች። ለጠያቂ ሁሉ ካንሰር ነው ትላለች፤ ጠያቂው ሲያማትብ ደግማ ትልለታለች። በሦስተኛው ዓመት ወደ አጥንቷ ተሰራጨና አረፈች። ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ምነው በተቆጣችኝ! ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ወረቀቶቿን ለነርሶቹ እንጂ ለእኔ አታስነብብም ነበር። ያ ሰባት ሳምንት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «እሱን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። ይህም መልስ ሆኖ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ሄለንን አስገብቼ አስቀመጥኳት። «ካንሰር በያት» አልኳት። «ዛሬውኑ።»

«ብትደነግጥስ፣ እትዬ?»

«ትደንግጥ።»

ልጅቷ አለቀሰች፤ ጨካኝ ሳልመስላት አልቀረሁም። ለእቴቴ ብዬ ነው የደበቅኩት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ድንጋጤዋን ቆሜ ማየት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። በጊዜው ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እቴቴ ትደነግጥ ነበር። ደንግጣም ሐኪሙ ዘንድ ትሮጥ ነበር።