አዴ ሀጂራ ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጡት ማመልከቻ

የአዴ ሀጂራን ኮምፒውተር ክዳን ስከፍት ያየሁትን ባላየው ይሻለኝ ነበር። አቧራው አቧራ አይደለም፣ እንደ በግ ጸጉር ተድቦልቡሏል። ማራገቢያው ላይ በረሮ ከነእንቁላሏ ደርቃ ተጣብቃለች። የብስኩት ፍርፋሪ አለ። የጫት ቅጠል አለ፣ እሳቸው ደግሞ ጫት አይቅሙም።

«ኧረ ያቅለሸልሻል! ማነው ይሄን እንዲህ ያበላሸው?» አልኩ።

«ጨርሰህ ታስታውካለህ፣ መጀመሪያ ስራ» አሉኝ።

አዴ ሀጂራ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ፊት ለፊት ማመልከቻ ይጽፋሉ። የፍቺ፣ የውርስ፣ የመሬት፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ያልጻፉት የለም። በአማርኛም በኦሮምኛም። የጀመሩት በልጅነታቸው በታይፕ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አለፈው። እስካሁን መስመር በጨረሱ ቁጥር ግራ እጃቸው ብድግ ይልና አየሩን ገፋ ያደርጋል፣ የታይፑን ዘንግ የሚመልሱ ይመስል። ይቺን ነገር እያስመሰልኩ ሰፈሩን በሙሉ አስቄበታለሁ።

ኮምፒውተራቸው ሦስት ሲስተም ነበረው። መጀመሪያ ኢርፋን ዊንዶውስ ሰባት ጫነ። ቀጥሎ እሱባለው መጣና የኢርፋንን ሳይነካ ጎኑ ላይ ዊንዶውስ አስር ጫነ። ከዛ ናኦድ የሚባል የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ መጣ፣ የሁለቱንም ሳይነካ ሊኑክስ ጨመረበት። እኛ ጋ ጥገና እንደዚህ ነው፣ የሰው ስራ አይነካም። ነክተህ አንድ ፋይል ከጠፋ ስምህ ጠፋ። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ደርቦ ውልቅ።

ሲገቡ ያሏት ግን አንድ ነገር ነች፣ እኔም በየድምፃቸው ስላት አዴ ሀጂራ ይስቃሉ። ኢርፋን በአፍንጫው፣ «ወላሂ ማነው ይሄን እንዲህ ያበላሸው?» እሱባለው ስቴኪኒ ነክሶ፣ «ማነው... ይሄን... ያበላሸው?» ናኦድ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ፣ «ሶሪ፣ ግን ይሄን ማነው ያበላሸው?»

ማሽኑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ሦስቱ ተደርድረው ይወጣሉ፣ ቶሎ ካልመረጡ ራሱ መርጦ ይገባል። አዴ ሀጂራ «ቤት» ነው የሚሏቸው። ፕሪንተሩ የኢርፋን ቤት ብቻ ነው የሚሰራው። አማርኛ የሚጻፈው የእሱባለው ቤት። ኦሮምኛውን የሚጽፉት የናኦድ ቤት፣ ቫይረስ አይገባበትም ብሏቸዋል። አንድ ወረቀት ለማውጣት ማጥፋት፣ ማብራት፣ በፍላሽ ማሻገር፣ ደግሞ ማጥፋት። ደንበኛው ቁጭ ብሎ ያዛጋል። እኔ ሳየው ራሱ ያንገሸግሸኝ ነበር።

«ሚሊ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ ቤት አድርግልኝ። ከቤት ቤት ስዞር አረጀሁ» አሉኝ።

የእሱባለውን ላስቀር ወሰንኩ፣ እሱ ይሻላል። የሁለቱን ቤት ፋይል ኮፒ አደረግኩ።

«ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ነገር አለ አዴ?»

«የት አባቴ አስቀምጣለሁ? ያው ቤቱ ውስጥ ነው።»

ሁለቱን ቤቶች አጠፋሁ። ሊኑክሱን ስትሰርዝ ያ ቤት የሚያስመርጠው መክፈቻ አብሮት ይሄድና ማሽኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያንን ስለማውቅ ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ሰክቼ መክፈቻውን አስተካከልኩ። ባዶውን ቦታ ፎርማት አድርጌ ፋይሎቹን እዛው ገለበጥኩ። ፕሪንተሩን አስተዋወቅኩት። አበራሁት፣ ምንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ገባ። አዴ ሀጂራ «አልሀምዱሊላህ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ኦቦ ዋቅጋሪ ገቡ። ከአጋሮ በኩል ነው የመጡት፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ጎረቤታቸው አጥሩን ገፍቶ አባታቸው የተከሉትን ቡና ወደ ራሱ ከልሏል፣ ፍርድ ቤትም ፈርዶለታል። ይግባኙን አዴ ሀጂራ ባለፈው ሐሙስ ጽፈውላቸው ነበር። የምስክር ስም ይዤ ልመለስ ብለው ሄደው አሁን መመለሳቸው ነው። የይግባኙ ቀን ዛሬ ያልቃል፣ መዝገብ ቤቱ አስራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል።

አዴ ሀጂራ ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ። ከዛ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሚሊ፣ የናኦድ ቤት ቅርጫት የታል?»

«የቱ ቅርጫት?»

«ቆሻሻ መጣያው ነዋ!»

ለካ ሰው ከጀርባቸው ቆሞ ስክሪኑን ያነባል፣ የጎረቤቱን ፍቺና ጠብ እያነበበ ሰፈር ያወራል። ስለዚህ ያላለቀውን ሚስጥር ሁሉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይከቱታል፣ ሲፈልጉት መልሰው ያወጡታል።

«ቆሻሻ ውስጥ ማን እጁን ይከታል ብዬ ነዋ!» አሉ።

ማንም አይከትም። እኔም አልከተትኩም። የሰው ቆሻሻ ማን ኮፒ ያደርጋል? ፎርማት ካደረግኩ በኋላ ደግሞ ላዩ ላይ ሌላ ገልብጬበታለሁ፣ አይመለስም። ነገርኳቸው።

ኦቦ ዋቅጋሪ አማርኛ ይሰማሉ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ አዴ ሀጂራን።

«የአባቴን ቡና ቆሻሻ ውስጥ ነው የጣልሽው ሀጂራ?» አሉና ወለሉ ላይ እንትፍ አሉ።

ወላሂ የምትለዋን የኢርፋንን ድምፅ አውጥቼ ላስቃቸው አሰብኩ፣ ተውኩት። ራሴን ነው የጠላሁት። ስገባ «ማነው ያበላሸው» ብዬ አልነበር?

አዴ ሀጂራ ምራቁን በወረቀት ጠረጉና ተቀመጡ።

«ይቀመጡ ኦቦ ዋቅጋሪ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ይድገሙልኝ። ስድቡን ይተዉት፣ ድንበሩን ይንገሩኝ። ሚሊ፣ በሩን ዝጋ።»

ሰውየው በኦሮምኛ ጀመሩ። እሳቸው ኪቦርዱን ሳይነኩ ሰሙ። ወንዙ በየት በኩል ነው? ዛፉ ምን ዛፍ ነው? ሲተከል ማን አየ? ከዛ አስሩም ጣታቸው ወረደ። ያ በሻይ የተጣበቀ ኪቦርድ ቋ ቋ ቋ ይላል። መስመር ባለቀ ቁጥር ግራ እጃቸው ብድግ ይልና አየሩን ይገፋል። አልሳቅኩም። ማጥፋት የለም፣ ማብራት የለም፣ ከቤት ቤት መዞር የለም፣ አንዴም አልተነሱም። ሐሙስ አራት ገጽ የነበረው ሁለት ገጽ ሆኖ ወጣ። አንብበውላቸው ሲጨርሱ ኦቦ ዋቅጋሪ በእሺታ «ኤዬ» ብቻ አሉ፣ ፈረሙ።

አስራ አንድ ከሩብ ላይ ባጃጅ ውስጥ ገፍቼ አስገባኋቸው። የኮምፒውተሩን በረሮ በእስክሪብቶ ስፍቅ ቆየሁ፣ እንቁላሏ ፈረጠ፣ እንትፍ።

ጨለምለም ሲል ኦቦ ዋቅጋሪ ተመለሱ። ቀሪውን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ የመዝገብ ቤቱ ማህተም አለበት።

«መስኮቱን ሲዘጋ እጄን አስገብቼ ነው የሰጠሁት» አሉ። ከዛ ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ። «እዚህኛው ቤትስ ቅርጫት አለ?»

«አለ» አልኩ።

አዴ ሀጂራ መሳቢያቸውን ከፍተው የቁስል ፕላስተር አወጡ። በጥርሳቸው ቆረጡና ስክሪኑ ላይ፣ ቅርጫቱ ያለበት ጥግ ላይ ለጠፉት።

«አዴ፣ እኔ በሴቲንግ ልደብቀው እችላለሁ፣ እንዲህ ከሚያስጠላ...»

«ደብቄው እኮ ነው የጠፋው! ይሄ እያየሁት ዳግም እንዳልከትበት ነው። እጅህን አንሳ» አሉኝ።

ፕላስተሩ እስከ ዛሬ አለ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ጸጉር ይዟል፣ ላዩ ላይ ዝንብ ታርፍበታለች። ባየሁት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። አልነካውም።