ነጻ መውጫ የሌለው ክስ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ የተማረ ሰው በጉባኤ ፊት «ራፖር ጸሐፊ ስለ ጥናት ምን ያውቃል?» ብሎ ስለሳቀብኝ ነው። አልተውኩለትም፤ ልተውለትም አላስብም።

ሞላ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጬ ለሰው ክስና አቤቱታ መጻፍ ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የአጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ሕጉን ያወቅሁት ደግሞ ሽፋኑ የወለቀ የሕግ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ቃል በቃል እስክይዘው ድረስ በማንበብ ነው። እኔ የጻፍኩት ክስ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። የማያምን ካለ መዝገብ ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

የዚያን ዕለት የሺ የምትባል ሴት መጣች። ዲግሪዋን እንደያዘች ሳዑዲ ሄዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አሁን የሐሙስ ገበያ በሚቆምባት ሐሙሲት ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች።

«አያ ሞላ፣ አማካሪዬን የምከስበት አቤቱታ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

የመመረቂያ ጥናቷን ፕሮፖዛል ሦስት ጊዜ መልሶባታል። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ካላለፈ ከትምህርቷ ትሰናበታለች። ለዚህ ትምህርት ስትል የባዕድ ቤት ስንት ዓመት ጠርጋለች።

«ወረቀቱን አምጪው» አልኳት። እኔ ጉዳዩን ሳላነብ ብዕር አላነሳም።

አነበብኩት። ርእሱ ስለ ትምህርት ጥራት ችግር ይላል። ውስጡ ድህነት አለ፣ ርቀት አለ፣ የወላጅ ግንዛቤ ማነስ አለ፣ የመምህራን ስንፍና አለ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይቀር አለ።

«ይህን አቤቱታ ብጽፍልሽ ትሸነፊያለሽ» አልኳት። «ሰውየው ልክ ነው።»

«እርስዎም እንደሱ ሆኑብኝ?»

«እንደሱስ አልሆንም፤ እሱ ቀይ ቀለም አፍስሶ ነው የተወሽ። ለመሆኑ ማንን ነው የከሰስሽው?»

«ሁሉም አስተዋጽኦ አለው።»

«ሁሉንም የከሰሰ ማንንም አልከሰሰም። የደረሰውስ ጉዳት?»

«የትምህርት ጥራት ወድቋል።»

«እሱ እሮሮ ነው። ዳኛ የሚሰማው 'ቀይ በሬዬ ጠፋ' ያለውን ነው። አንቺ በዓይንሽ ያየሽው ምንድን ነው?»

«ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ» አለች። «የስም መጥሪያውን የማጠቃልለው እኔ ነኝ። በጣም ይቀራሉ፤ ዛሬ የመጣው ነገ የለም።»

«እሱ ይቆጠራል። ጻፊው። ማን አስቀራቸው?»

«ርቀት ነዋ።»

ሳቅሁባት። «ርቀት ሰኞም ርቀት ነው፣ ሐሙስም ርቀት ነው። አንድ ቀን አድርሶ በማግሥቱ የሚያስቀር ርቀት የትም አላየሁም። ርቀትን ፍቂው። የእኔ ተጠርጣሪ የሐሙስ ገበያ ነው። እናት እህል ልትሸጥ ስትወጣ ከብቱን ማን ይጠብቃል?»

ገበያውን ጻፈች። ቀጥዬ «ገበያው ጥፋተኛ ካልሆነስ በምን እናውቃለን?» ብላት ወረቀቷን ብታገላብጥ አላገኘችውም። አማካሪው ሦስት ጊዜ የመለሰባት እዚህ ላይ ነው።

«መዝገቡን ከመክፈትሽ በፊት ይህን ካልጻፍሽ ማየት የፈለግሽውን ብቻ ታያለሽ» አልኳት። «ነጻ መውጫ የሌለው ክስ ክስ አይደለም፣ ስድብ ነው።»

ከዚያ በኋላ ከሥራዋ እያስፈቀደች ሦስት ቀን ተመላለሰች። ገበያው ቅዳሜ የሚውልበት ከተማ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር ልታነጻጽር ተስማማን። ሐሙሲት የሐሙስ ቀሪ ከሌላው ቀን ካልበለጠ፣ ወይም እዚያኛውም ትምህርት ቤት ሐሙስ እንደዚሁ ከበዛ፣ ገበያው ነጻ ይወጣል። የተጣላነው በርቀት ብቻ ነው። አልፍቅም አለች።

«ፍርድ ቤት ምስክር ሳይሰማ ማንን ይፈታል? ርቀትም ነጻ መውጫው ተጽፎለት ይቅረብ። የሩቅና የቅርብ ልጆች እኩል ከቀሩ ያን ጊዜ እፍቀዋለሁ።»

«እልኸኛ» ብያት ተውኳት።

ፕሮፖዛሉን የምታቀርብ ዕለት ካፖርቴን ለብሼ ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ኋላ ተቀመጥኩ። ምሁራኑ ነጻ ተለዋዋጭ የሚሉት የእኔ ተጠርጣሪ ነው፤ ጥገኛ ተለዋዋጭ የሚሉት የእኔ ጉዳት ነው፤ መላምት የሚሉትም ክሱ ራሱ ነው። ስሙ ይለያል እንጂ ነገሩን ስሠራው ኖሬያለሁ። የሺ ሳትንተባተብ አስረዳች።

አማካሪዋ ቀና አለ። «ይኸን ስነግርሽ ከረምኩ። አሁን ማን ቢያስረዳሽ ገባሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «እኒያ፣ አያ ሞላ ናቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ናቸው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የሳቀው ያኔ ነው፤ ያችን ጥያቄ የጠየቀውም እሱ ነው። አዳራሹ አብሮት ሳቀ። የሺ አንገቷን ደፋች።

ተነሣሁ። አትናገር ያለኝም ተናገር ያለኝም አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ ስሕተት ካለበት ስሕተቱን ይንገሯት፤ ታርማለች። ከሌለበት የማን እጅ እንደነካው ምን ያደርግልዎታል? እኔ ስሕተት ስጽፍ ደኻ መሬቱን ይነጠቃል። እርስዎ ሲሳሳቱ ማን ምን ይነጠቃል?»

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠ። ከዚያ አንዲት ትንሽ እርማት ነገራት፤ ገምጋሚዎቹም አሳለፏት።

አሁን ደግሞ የማልደብቀውን ልናገር። ዓመት ያህል ቆይታ ውጤቱን ይዛ መጣች። ገበያው ነጻ ወጣ። ሐሙስ ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። ቀሪው የተከመረው በሁለቱም ትምህርት ቤት ሰኞ ነው፤ የቀሩትም የሩቅ ልጆች ናቸው። ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጡ አገራቸው ይገባሉ፣ ሰኞ ስንቅ ተሸክመው መንገድ ላይ ይውላሉ። እኔ ሳልመረምር በሳቅ የለቀቅሁት ርቀት ነበር።

«ተናደዱ?» አለችኝ።

«ስለምን እናደዳለሁ?» አልኳት። አንድ ሌሊት ግን ተናድጄ አድሬያለሁ።

ዛሬ ቀይ ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ይዘው ዳሴ የሚመጡ ተማሪዎች በዝተዋል። ለሁሉም የየሺን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ የተሸነፍኩባትን ጭምር። እኔን የሚረታኝ ሰው እኔው ያስተማርኩት ካልሆነ በቀር በዚህ አገር የለም።