በድራኒ ማሳ ዳር የተተከለ ማንጎ

ጆኩዱ ፈሪ ናት፤ ራሷም አትክደውም። ከደቡብ ሱዳኗ ካጆ ኬጂ ሁለት ጊዜ ተሰዳለች፦ መጀመሪያ በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣ ኋላ ደግሞ የራሷን ልጆች አስከትላ። አሁን ኡጋንዳ፣ ፓሎሪኛ የስደተኞች ሰፈራ ውስጥ ታርሳለች። አዲስ ለሚመጡ ስደተኞች ሰሊጥ በመስመር መዝራትን፣ ካሳቫ ቆርጦ መትከልን የምታሳየው እሷ ናት። የእርዳታ ድርጅቱ «መሪ ገበሬ» ይላታል። ስሙ ሲጠራ እንኳ ትደነግጣለች፤ ከመሪ ብዙ የሚጠየቅ ይመስላታል።

በሰፈራው የደረሳት መሬት ከጓሮ ጎመን አያልፍም። ስለዚህ ከአገሬው ሽማግሌ ከድራኒ በቃል ብቻ ማሳ ወስዳለች። «አገራችሁ እስክትገቡ እረሱ» ነበር ያላት። የእሷን ጨምሮ ስድስት ቤተሰብ ከዚያ ማሳ ይበላል።

በክረምቱ ድርጅቱ የማንጎ ችግኝ ሲያድል ስምንቱን በማሳው ዳር ተከለቻቸው፤ ነፋስ ይመልሳሉ ብላ። ሰሊጡ ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጎረቤቷ ፖኒ እያለከለከች ደረሰች።

«አንቺ! ማንጎ ተከልሽ?»

«ለነፋስ ነው እኮ።»

«ለነፋስ ትላለች! እዚህ አገር ዛፍ የተከለ መሬቱ የኔ ነው ማለቱ ነው። ድራኒ ሰምቶ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ እየመጣልሽ ነው።»

ጆኩዱ የአምናው ትዝ አላት። አምና ከወዲያኛው መንደር አንድ ስደተኛ በተዋሰው መሬት ላይ ዛፍ ተክሎ፣ ያልታጨደ በቆሎው ላይ ባለመሬቱ ከብት ሲለቅበት በዓይኗ አይታለች። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልጠየቀችም። መጠየቅም ትፈራ ነበር።

ሮጣ የመጀመሪያውን ችግኝ ነቀለች። ሁለተኛውን ስትይዝ የሦስት ሰው ጥላ አፈሩ ላይ አረፈ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ድራኒ።

«እየነቀልኩ ነው አባቴ። አጥፍቻለሁ።»

«ሌባም ሲያዩት ነው ዕቃውን የሚጥለው» አለ አንደኛው ሽማግሌ፤ ሌላው ሳቀ።

ጆኩዱ ወደ ድራኒ ዞረች። «አላወቅኩም። እኛ ጋ መሬት የማን እንደሆነ የሚናገር የመሬት አባት አለ። ዛፍ አይመሰክርም።»

«እዚህ ይመሰክራል» አለ ድራኒ። «እኔ ስሞት ልጆቼ የሚያዩት ዛፉን ነው። የተባባልነውን ማን ይነግራቸዋል?»

ድራኒ ሰሊጡን ያይ ጀመር። የእሱ ከብቶች ከጉብታው ማዶ ይጮኻሉ። ጆኩዱ ሲጠጉ የምትሰማ መሰላት።

«ዛፎቹ የማን ናቸው? እነዚህ ሽማግሌዎች ይስሙ፣ ጮክ በይ» አላት።

«የእርስዎ!»

«ስንት ናቸው?»

«ስምንት... አይ፣ ሰባት። አንዱን ነቅዬዋለሁ።»

«እሱንም መልሰሽ ትከዪ። ውሃ የምታጠጪው አንቺ፣ ፍሬው የኔ። እረሱ።»

ዞሮ ሄደ። ፖኒ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልል ልትል ስትል ጆኩዱ አፏን ያዘቻት፤ ከዚያ ችግኙን መልሳ ተከለችና ማጭዷን አነሳች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ፖኒ። «ገና አረንጓዴ እኮ ነው! ግማሹ ፍሬ አይሞላም!»

«አውቃለሁ።»

«ሰውዬው ተወው አይደል እንዴ?»

«ዛሬ ነው የተወው» አለች ጆኩዱ፤ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጭብጥ አጨደች። «ሂጂ፣ አምስቱንም ቤት ጥሪልኝ።»