የጊቿ ሴት ፎቶ

ደባርቅ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ከገዛ ዓይኔ ይልቅ የማምነው አንዲት የኪስ ካሜራ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ሌንሷን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኜ፣ ትንፋሼን ውጬ አነሣለሁ፤ ፎቶውን ወደ ስልኬ አሻግሬ ጎንደር ላለ ሐኪም እልካለሁ፤ እሱ ያለውን እጽፋለሁ።

ሥልጠና ላይ ደጋግመው ነግረውናል። መጀመሪያ ባዶ መስታወት አንሡ፤ ቀጥሎም ደም የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ገፋ አድርጋችሁ ፎቶውን ድገሙት፤ ደሙ ቦታ ሲለቅ ፎቶው ላይ ያለ ነጠብጣብ ካልተነቃነቀ የካሜራው ቆሻሻ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሴትዮዋ ከደጋው ጊች በበቅሎ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ትኩሳቱ አቃጥሏታል፤ ባሏ ደግፎ ይዟታል። ቆላ ወርዳ ታውቅ እንደሆን ስጠይቅ፣ ቆላውን ዛሪማን በስም እንጂ በዓይኗ አይታው እንደማታውቅ ባሏ ነገረኝ። ደሟን አየሁት፤ ምንም የለም። ግን በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል፣ እኔም በራሴ አልተማመንሁም። አንድ ፎቶ አነሣሁና ላክሁ። ባዶ መስታወት አላነሣሁም፤ ስላይዱንም አልገፋሁም።

ሐኪሙ ወዲያው ደወለ። ፎቶው ጥግ ላይ ያለችው ቀለበት መሳይ ነጥብ ወባ ናት አለኝ። የጊች ብርድ የወባ ትንኝ አያኖርም ልለው ፈልጌ ነበር። የተማረ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል፤ እሺ ዶክተር አልሁና ወባ ብዬ ጻፍሁ። ባልና ሚስቱ የወባ ክኒን ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ የሌላ ሰው ደም ሳነሣ ያችው ቀለበት እዚያው ጥግ ቁጭ ብላለች። ባዶ መስታወት አነሣሁ፤ አለች። የካሜራውን ሌንስ በጥጥ ጠረግሁት፤ ጠፋች። ለጣቢያው ጤና መኮንን ነግሬው ወደ ጊች ሰው ላክን፤ ሴትዮዋ ግን ተቀብራለች። ከቅማል የሚመጣው ተስቦ ሳይሆን አይቀርም አለ መኮንኑ። የዚያ መድኃኒት እኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንም አላነሣውም፤ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ራሴን ጠላሁት።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ባሏ መጣ። ሊከሰኝ የመጣ መሰለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው።

“ዶክተር፣ ያን ለት ፎቶ አንሥተው ነበር” አለኝ። “እሷ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። እሱን ይስጡኝ።”

ያነሣሁት ደሟን እንጂ ፊቷን እንዳልሆነ አስረዳሁት። ደሟም ቢሆን የእሷ ነው አለ። ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብሁለት። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጣቱን ጥጉ ላይ፣ ቀለበቷ ላይ፣ አሳርፎ የገደለቻት ይች ናት ወይ ሲል ጠየቀኝ።

መዋሸት አቃተኝ። የእሷ በሽታ እንዳልሆነች፣ የካሜራዬ አቧራ እንደሆነች፣ እኔም ሳላጣራ ወባ ብዬ እንደጻፍሁ ነገርሁት። ቀለበቷን በአውራ ጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረጋት፤ አልለቀቀችም።

“እንግዲያ ይች የሌለችበትን ይስጡኝ” አለ።

የደሟ ስላይድ ታጥቦ የሌላ ሰው ደም ከተቀባበት ሰንብቷል። ያነሣሁት ፎቶ ደግሞ ያው አንዱ ብቻ ነው።