ፕሮቫ እስከ አራተኛ ፎቅ

ካቦርት የሚለው ቅጽል ስም በሁለት በኩል ይገባዋል። በዚያ ጎዳና እንደሱ ካቦርት የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የለም፤ ደግሞም በስፌት ቤቱ በር ላይ ሲቆም ክረምት የገባ ይመስላል፤ ፀሐይ ትጋረድና ውስጥ ያለው ደንበኛ መብራት አብሩልኝ ይላል። ሆዱና የስፌት መኪናው ቦታ ሲሻሙ ኖረው በመጨረሻ እጅ ሰጥቶ ወደ ግድግዳው የተጠጋው መኪናው ነው።

ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ታላቅ እህቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ ቆይቷል። አሳንሰሩም ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ አሁን ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ስለዚህ እህትና ወንድም የሚጨዋወቱት በጩኸት ነው፤ እሳቸው ከበረንዳ፣ እሱ ከመንገድ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠሩት «ሆዴ» እያሉ ስለሆነ፣ ከላይ «ሆዴ፣ እንዴት ዋልክ?» ሲሉ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ከዚያም ሰላምታው ለየትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደሆነ ገባኝ ብሎ ያልፋል።

አንድ ሰሞን የእህቱ ድምፅ ሰለለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ መጮህ የለም አላቸው። ስልክስ ቢሏቸው አይወዱም፤ በስልክ ዝም ተባብሎ መቀመጥ አይቻልም ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በጣም የሚዋደዱት ዝም ሲሉ ነው። ከታቻቸው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው፣ ሰፈሩ ሬዲዮ የሚላት ጎረቤት፣ ማንም ሳይሾማት የመልእክት አስተላላፊነቱን ሥራ ያዘች። በመጀመሪያው ቀን እህቱ ከላይ ሹክ አሏት፣ «ሆዴ ናፈቀኝ በይልኝ።» ሬዲዮ ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ አስተላለፈች፣

«ሆድህ ናፍቋቸዋል!»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ካቦርትም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ገብቶ ሲቀመጥ ግን እጁ መርፌው ላይ ቀረ። አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ የእህቱን ፊት ከቅርብ አይቶት አያውቅም፤ ከታች ሆኖ ሲያየው የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነው። አሁን ደግሞ ድምፃቸውም ሄደ። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ዕድሜያቸው እንዲህ በሬዲዮ ያልቃል።

የዚያኑ ዕለት ካፌ ገብቶ ማለ። በወር ውስጥ እንደ መርፌ ቀጥኖ ያንን ደረጃ በሩጫ ሊወጣው! የራሱን ቱታ ራሱ ሰፋ፤ የሄደበት ጨርቅ ለአንድ ሲኒማ ቤት መጋረጃ ይበቃል። በማግስቱ ጠዋት ከጎረምሶቹ ኋላ ሮጠ። ፋርማሲው ጥግ ሲደርስ ነፍሱ ተለይታው ቀድማ ወደ ቤት ተመለሰች፤ እሱን የመለሰው ዕቃ የጫነ መኪና ነው፣ ከአንድ ሶፋ ጎን። ካፌው ውስጥ ሶፋው የተሻለ ይተነፍስ ነበር ተባለ። ቀጥሎ ራት ተወ። በረሃብ ብዛት በአንዱ ደንበኛ ሱሪ ላይ እጅጌ ገጠመ። ከዚያ ጂም ገባ፤ የመሮጫው ማሽን ከሥሩ ሲያቃስት አሠልጣኙ ለማን ውኃ እንደሚያቀርብ ግራ ገባው። አንዱ ዕቅድ በወደቀ ቁጥር የባሰ ትልቅ ዕቅድ ያወጣል። በመጨረሻ መንገዱን አንገቱን ደፍቶ መሻገር ጀመረ፣ በረንዳውን ላለማየት።

እህቱ ግን ከላይ ያዩታል። አንድ ቀን ሬዲዮን ላኩበት።

«ኮት በአንድ ቀን ሰፍተህ ታስረክባለህ ወይ? ብለዋል።»

«ኧረ የለም በያቸው።»

«ታዲያ እግርህስ ፕሮቫ የለውም ወይ? ብለዋል።»

ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ምንም አልጨመረችም።

ካቦርት ገብቶ ገና ያላለቀ ኮት አነሣ። ፕሮቫ ማለት ለሱ የእንጀራው ምስጢር ነው። ጨርቁን በነጭ ክር ላላ አድርጎ ያያይዛል፣ ደንበኛውን ያለብሳል፣ የጠበበውን ይለቃል፣ የሰፋውን ይይዛል፣ ከዚያ እንደገና ና ይላል። በመጀመሪያ ፕሮቫ ላይ ያለቀለት ኮት የጠየቀውን ደንበኛ ከቤቱ አስወጥቶ ያውቃል። ከገዛ ገላው ግን ያንኑ ሲጠይቅ መክረሙ ነው!

ሚዛኑንም መርፌ የመሆን ሕልሙንም ተወ። ግቡ አንድ በር ሆነ፣ የእህቱ በር። መለኪያውም አንድ ዐረፍተ ነገር፦ «እንደምን አደርሽ እታለም፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ በሩን ክፈቺልኝ።» በየፎቁ ቆሞ ይህን ሳያቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ካላለው ወደሚቀጥለው ፎቅ አያልፍም፤ ተመልሶ ወርዶ ሥራውን ይሠራል።

መጀመሪያ አንደኛ ፎቅ ላይ ለመብራት ቆጣሪው ሳጥን ነገረው። «እታለም» ላይ ትንፋሹ ተቆረጠ። ወረደ። በነጋታው ጠዋት መጣ። ነዋሪው ልብስ ሰፊው ከቆጣሪ ጋር ዝምድና ፈጠረ እያለ ሲያማ፣ እሱ «ክፈቺልኝ» ደረሰ፤ ሁለተኛ ፎቅም ወጣ። እዚያ ሲደርስ ጉንፋን ያዘውና ተኝቶ ከረመ። ሲነሳ ድፍን ካፌው አሁንስ ይተወዋል ብሎ ነበር። እሱ ግን ሳያፍር ከአንደኛ ፎቅ ጀመረ፤ ጠበበ ብዬ ጨርቅ ጥዬ አላውቅም አለ። እኔ ሯጭ አይቻለሁ፣ ክብደት አንሺም አይቻለሁ፤ ለቆጣሪ ሳጥን ሁለተኛ ጊዜ እንደምን አደርሽ ለማለት የሚበቃ ወኔ ያለው ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሬዲዮ በሯን ከፍታ እንደ ዳኛ ትጠብቀው ጀመር። «ገና ነህ» ትለዋለች፤ ይወርዳል። አንድ ቀን ግን ፈቀቅ ብላ መንገዱን ለቀቀችለት።

አራተኛ ፎቅ። ቱታው ሰፍቶታል፤ ሆዱ ግን አለ፣ ቅርስ ነው። በሩን አንኳኳና ሳንባው የያዘውን ሁሉ አውጥቶ ጮኸ፣

«እንደምን አደርሽ እታለም፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ በሩን ክፈቺልኝ!»

በሩ ተከፈተ። ፊታቸው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አልነበረም፤ ሙሉ ፊት ነበር፣ እሱ የማያውቀው ሽበት ያለበት።

«ሆዴ» አሉት በሹክሹክታ፣ «ምን ያስጮህሃል? አጠገብህ እኮ ነኝ።»

ገብቶ ተቀመጠ። ዝም ተባባሉ። ከታች ሬዲዮ ጆሮዋን ወደ ላይ ቀስራ ቆይታ ቆይታ፣ ለሚጠባበቀው መንገድ የምታስተላልፈው ነገር አጥታ ገባች።