ደረጃው ላይ የደገፈኝ ሰው

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ፣ የእግራቸውን ጠባሳ ለማሳየት አያፍሩም ነበር፤ የማፍረው እኔ ነበርኩ። በጦርነት ስለቆሰሉ ሜዳሊያ እንዲሰጣቸው ለዓመታት አመለከቱ። «ማስረጃ ያምጡ» በተባሉ ቁጥር የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብሰብ አድርገው፣ «ይኸውልህ ልጄ፤ ከዚህ የበለጠ ማኅተም ከየት ላምጣ?» ይላሉ። ሸዋ በር ባጃጅ ስንጠብቅ እንኳ ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማመልከቻቸውን ወደሚያየው ቢሮ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋቸው። ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ ወረፋ ከያዙት አንዱ ሳቀ። እኔም ቀስ ብዬ ፈቀቅ አልኩና ስልኬን መነካካት ጀመርኩ።

ጸሐፊዋ ወደ እኔ እያመለከተች «ልጅዎ ነው?» አለቻቸው።

ጋሼ አየት አደረጉኝ። ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱ።

«አይ፣ ደረጃው ላይ የደገፈኝ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጠው» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ጠባሳ ለማንም ሲያሳዩ አላየሁም። ስለ ማመልከቻቸውም ዳግመኛ አላነሱም።

የጋሼ ለቅሶ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ «ለሟች ምናቸው ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጋሼ፣ ዘግይቻለሁ። ልጅዎ ነኝ።