የሚያብለጨልጭ ደጅ

አርቪድ ሁታላ ሥራው ምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ «ኮንክሪት እቀባለሁ» ብቻ ይል ነበር። ብርድ በሚበረታባት በዱሉዝ ከተማ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማዋ ከሐይቁ ዳር ተነሥታ ዳገቱን ሽቅብ የወጣች ናት። ቤቱ ሁሉ ከመንገድ እስከ ጋራዡ የተነጠፈ የኮንክሪት ደጅ አለው። ክረምት ሲገባ ኮንክሪቱ የጠጣው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በረዶ እንዲያቀልጥ አውራ ጎዳና ላይ የሚበተነውና ጎማ ይዞት የሚመጣው ጨው ሲጨመርበት፣ አምሮ የተነጠፈ ደጅ በሦስት ክረምት ተላልጦ ጠጠሩ ያገጥጣል።

ሙያውን ያገኘው ከአባቱ ነው ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ኮንክሪት አፍሳሽ ነበር። «ኮንክሪት ጠጪ ነው» ይለው ነበር፤ «ደረቅ መስሎህ አትሞኝ። ያገኘውን ይጠጣል። አንተ ቀድመህ የሚበጀውን አጠጣው።» አርቪድ ይህን ቃል ይዞ ሠላሳ ዓመት ሠራ። መጀመሪያ ደጁን በግፊት ውሃ ያጥባል፤ የዘይት ጠብታ ካለ ተንበርክኮ በብሩሽ ይፈትጋል፤ ሁለት ፀሐያማ ቀን ጠብቆ ሲደርቅለት ውሃ የሚከለክለውን ቅብ በጀርባው ባዘለው መርጫ ይረጫል። የሱ ቅብ ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚገባው ዓይነት ስለሆነ ላይ ላይ የሚታይ ነገር አይተውም። ደንበኛው ከሥራ ሲመለስ የሚያገኘው ያንኑ ግራጫ ደጁን ነው።

«ውሃ ነው እንዴ የረጨህልኝ?» የሚሉት ነበሩ።

አርቪድ አንድ ኩባያ ውሃ ያፈስበትና ውሃው እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ ቁልቁል ሲወርድ ያሳያቸዋል። አንዳንዱ ይገባዋል። አንዳንዱ ግን በዓይኑ ያላየውን ነገር እንዳልተሠራ ይቆጥረዋል።

ሚስት አላገባም። ቤተሰቡ እህቱ ኢርማ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያበላችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ አስገብታ ጀርባውን ያሸችው፣ ሲያጠፋም በእርጥብ ፎጣ የገረፈችው እሷ ናት። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ «እትዬ» ሲላት ድምፁ ያንስ ነበር። ደንበኛን «አይሆንም» ማለት የማይከብደው ሰው፣ ኢርማን «አይሆንም» ብሏት አያውቅም።

እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው እሷ ቤት ነው። ባሏ ክላረንስ የብረት ማዕድን ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱን እያሻሸ የሚቀልድ ሰው ነበር። ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ወር በአንዱ እሑድ፣ ልጃቸው ካሪን በመስከረም ልታገባ ቀን በተቆረጠ ሰሞን ነው።

«የዳርሊንን ደጅ አይተኸዋል?» አለች ኢርማ ድንቹን እያቀበለችው። ዳርሊን ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤቷ ናት።

«አይቼዋለሁ።»

«መስተዋት እኮ ነው። ፊቴን አየሁበት።»

«በክረምት ደግሞ መቀመጫሽን ታይበታለሽ» አለ ክላረንስ አፉን እንደሞላ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ወንድሜን ነው የማናግረው። አርቪድ፣ የኔም እንደዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሰርገኛው በዚያ ነው የሚገባው። የኮንክሪት ቀቢ እህት ሆኜ ደጄ የአህያ ጀርባ ይምሰል?»

አርቪድ ሹካውን አስቀመጠ። የሚያብለጨልጨውን ቅብ ያውቀዋል። እንደ ቫርኒሽ ላይ ላይ የሚተኛ ነው። ሜዳ ላይ ብዙም አይከፋም፤ የኢርማ ደጅ ግን ከጋራዡ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ቁልቁለት ነው።

«እትዬ፣ ያንቺ ደጅ ቁልቁል ነው፤ እርጥበት ሲነካው ያዳልጣል። የግድ ከሆነ ሻካራ ዱቄት ቀላቅዬ ልቀባው። እግር ይይዛል።»

በማግስቱ ከጋራዡ ጥግ አንድ ክንድ በማታህል ቦታ ላይ ቀብቶ አሳያት። ኢርማ ወጥታ በጫማዋ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄማ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ብርሃኑን ገደልከው።»

«እግር የሚይዘው እሱ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ደጅ ስትቀባ ኖረህ፣ ለእህትህ አንድ ቀን ያማረ ነገር ብትሠራ ምን ይልሃል? አሳድጌህ አሳድጌህ በአሸዋ ልትሸልመኝ ነው?»

እየሳቀች ነበር የተናገረችው፤ ነገር ግን ቀልድ እንዳልሆነ አርቪድ ያውቃል። ክላረንስ ከጋራዡ ውስጥ ሆኖ «አማቼ፣ ተሸንፈሃል፤ በጊዜ እጅህን ስጥ» አለው። አርቪድም እጁን ሰጠ።

በነሐሴ መጨረሻ አጥቦና አድርቆ፣ ያለ ዱቄት፣ በሚንከባለል መቀቢያ፣ በሩሎ፣ ሁለት እጅ ቀባው። እዚህ ላይ ሊደበቅ የማይገባው ነገር፣ ሥራውን ወዶት ነበር። ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ ቆመና አየው። ሰማዩ ደጁ ላይ ተኝቷል፤ ደመናው በኮንክሪቱ ላይ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማይታይ ሥራ ሲሠራ ለኖረ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በሰርጉ ዕለት ኢርማ ክንዱን ይዛ «ወንድሜ ነው የሠራው» እያለች በእንግዳው መሀል አዞረችው። ስምንት ሰዎች ለኛም ቀባልን አሉት። ለስምንቱም ቀባላቸው፤ ለስምንቱም ዱቄቱን ቀላቀለ። ቅር ያለው ሲኖር «ከፈለግህ ሌላ ሰው ፈልግ» ይለው ነበር። ባዳን እንቢ ማለት አይቸግረውማ።

ከሰርጉ በኋላ የኢርማን ደጅ ዱቄት ባለው ቅብ አንድ እጅ ሊደግመው አስቦ ነበር። ለክላረንስም ነግሮታል። ነገር ግን ስምንቱ ደንበኞች ወቅቱ ሳያልፍ እያሉ ያጣድፉታል፤ ኢርማም ብርሃኑን ለማጥፋት ትፈቅዳለች ብሎ አላመነም። ዛሬ ነገ ሲል ጥቅምት ተጋመሰ፤ ከሐይቁ የሚመጣው ቅዝቃዜ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገባ። በቅዝቃዜ ደግሞ ቅብ አይይዝም። ሲቸግረው ሁለት ባልዲ አሸዋ ጭኖ ወሰደላቸው።

«ጠዋት ጠዋት በትነው» አለው ክላረንስን።

«እኔ እበትናለሁ፣ እሷ ትጠርጋለች። ምንጣፌ ላይ ይዛችሁት ትገባላችሁ ነው የምትለው። እዚህ ቤት አሸዋውና እኔ አንድ ነን፤ ቦታችን ጋራዥ ውስጥ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። አርቪድ ባልዲዎቹን ከግድግዳው አስጠግቶ ሄደ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት ካፊያ ዘንቦ መሬት ሲነካ በረዶ ሆነ። ክላረንስ በቤት ጫማው፣ ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ የሚጣልለትን ጋዜጣ ሊያነሣ ወጣ። ያየችው ዳርሊን ናት። «ሦስት እርምጃ ነው የሄደው» አለች በኋላ፤ «ከዚያ እግሩ ከሥሩ ጠፋ።» እስከ ፖስታ ሳጥኑ ተንሸራቶ ወረደ። ኢርማ ጩኸቱን ሰምታ ስትወጣ መቆም አቃታት፤ ቁጭ ብላ፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወርዳ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች። የአምቡላንሱ ሰዎችም ሲደርሱ ቃሬዛውን ይዘው መራመድ አልቻሉም፤ መጀመሪያ ጨው በተኑ። ጨዉ በረዶውን እስኪያቀልጠው ድረስ ባልና ሚስቱ እዚያው ቆዩ።

የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ በብረት ገጠሙት፤ ክላረንስ ግን ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። አርቪድ በየቀኑ ይሄድ ነበር። አማቹ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። «አርባ ዓመት ባቡር ስነዳ ሳልወድቅ፣ ጋዜጣ ላነሣ ስል ወደቅሁ። ይህንን ለማን እናገራለሁ?» ይለው ነበር። በየካቲት ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለምሳ ተሰበሰበ። የአሳማ ሥጋና በሄል ቅመም የተጋገረ ዳቦ ተደርድሯል። አንዲት ሴት የኢርማን እጅ ይዛ «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለቻት።

«እግዚአብሔር አይደለም» አለች ኢርማ፤ «ወንድሜ ነው።»

 አርቪድ ሳህን ይዞ ከሁለት ጠረጴዛ ወዲያ ቆሟል። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ነገር ግን የሰዉ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነበርና ነፍሱን ለማዳን ተናገረ።

«እትዬ፣ ዱቄቱን አትጨምር ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ኢርማ አልጮኸችም። «አዎ፣ ብያለሁ» አለች። «እኔ የማውቀው የሚያምረውን ነው። የሚያዳልጠውን ማወቅ ያንተ ሥራ ነበር። ለባዳው ሁሉ ጨምረህ ለኔ ለምን ተውከው?»

 መልሱ የመጣለት መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ፈርቷት ነው። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው እህቱን ፈርቶ ነው። ተመልሶ ገብቶ ይህን ቢናገር ምን እንደሚጠቅም አልታየው፤ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በግንቦት ሳይጠራ መጣ። የቅብ ማስለቀቂያውን አፍስሶ፣ በመፋቂያ እየፋቀ፣ ተንበርክኮ ከጋራዡ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ላጠው። ሦስት ቀን ፈጀበት። ጠረኑ ከባድ ስለሆነ ዓይኑ ሲያነባ ዋለ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የሚወጣ ግን የለም። ሁለት ቀን አድርቆ በአምስተኛው ቀን ሰርጎ በሚገባው ቅብ ቀብቶ ሲጨርስ በሩ ተከፈተ።

«ጨርሰሃል?» አለች ኢርማ ከደፉ ሳትወርድ።

«ጨርሻለሁ። አሁን አያዳልጥም።»

«አሁን» አለች። «ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ባልዲዎችህን ይዘህ ሂድ» ብላ በሩን ዘጋችው።

የእሑድ ምሳ በዚያው ቀረ። አርቪድ የሚያብለጨልጨውን ቅብ ዳግመኛ አልነካም። ደንበኛው ሁሉ ብርሃን ፈላጊ በሆነበት ዘመን «እኔ ዘንድ የለም» ሲል ሥራው እየሳሳ ሄደ። ስለ ቁልቁለት ደጅ ሲናገር ቃሉ ይመር ስለነበር ክፉ ሽማግሌ ይሉት ጀመር። ጉልበቱም እየደከመ ነበር። ለኢርማ በየዓመቱ የልደት ካርድ ይልክላታል። መልስ አልመጣም፤ ካርዱም ተመልሶ አልመጣም። ተመልሶ ባለመምጣቱ ታነበው ይሆናል ብሎ ያስብ ነበር።

ኢርማ ከባሏ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖራ በሰባ ሰባት ዓመቷ ሞተች። አርቪድ የሰማው ከጋዜጣ ነው። የሕይወት ታሪኳ በአጭሩ ወጥቷል። ከዚያ በሕይወት የቀሩ ዘመዶቿ ተዘርዝረዋል። ካሪን አለች፤ የካሪን ባል አለ፤ ሁለቱ የልጅ ልጆች በየስማቸው አሉ፤ ሩቅ አገር አሪዞና ያለች የአጎት ልጅ ሳትቀር አለች። አርቪድ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ስሙ የለም።

ቢሆንም ለቀብሩ ሄደ። ከኋላ ተቀመጠ። ምሳው ሲያልቅ ካሪን ፈልጋ መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«አጎቴ፣ ስለ ጋዜጣው ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አይደለሁም። ራሷ ጽፋ አዘጋጅታው ነበር፤ እኔ የሞተችበትን ቀን ብቻ ነው የጨመርኩት። ላስተካክለው አስቤ ነበር፣ ግን የሷ ቃል ስለሆነ...»

«መቼ ነው የጻፈችው?» አላት።

ካሪን ወለሉን አየች። «ባለፈው የገና ሰሞን።»

አርቪድ የድሮ ጽሑፍ ይሆናል ብሎ፣ በመጀመሪያው ንዴት ጊዜ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቆየ ይሆናል ብሎ ነበር ጠዋቱን ሙሉ ራሱን ያጽናናው።

«አይ፣ ግድ የለም ልጄ» አላት። ሌሎቹ ወንዶች ወንበሮቹን እያጠፉ ከግድግዳው ማስደገፍ ጀምረው ነበር፤ ኮቱን አውልቆ አብሯቸው ማጠፍ ጀመረ።